ሞተሩ ይውረድ ወይስ ይቆይ?

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዝቅ ይላል)

መሪ የጨበጣችሁ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር የተኛችሁ፣ ሽሮ ሜዳ ሱቃችሁን ከፍታችሁ ነጠላና ጋቢ እያጣጠፋችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ስለ አሮጌ መኪና ሞተር እናወራለን። የቆመውን ሞተር ትተነዋል፤ እሱ ለባለቤቱ ራሱ ወስኖለታል። ጉዳያችን አሁንም ጠዋት የሚነሳው፣ አሁንም ዳገት የሚወጣው፣ ግን ባለቤቱን እንቅልፍ የሚነሳው ሞተር ነው። «ቀድሜ ላሠራው? ወይስ እስኪቆም ልንዳው?» ይህች ናት ጥያቄያችን።

(የሚኒባስ ሞተር ድምፅ፣ በሁለተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ)

ሰማችሁት? ከስድስት ኪሎ ተነስቶ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣ ሚኒባስ ነው። ውስጡ ሞልቷል፣ ረዳቱ በሩን ይዞ ይጣራል፣ ሹፌሩ ማርሹን መልሷል። ይህ መንገድ ለሞተር ፈተና ነው። ሽሮ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ወደ እንጦጦ ማርያም ሲቀጥል ከፍታው ከ3000 ይሻገራል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል።

ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ደጋግመን እንመለስበታለን። ዳገት ላይ የደከመ ሞተር ሁሉ ያረጀ ሞተር አይደለም። አንዳንዱ የደከመው አየሩ ስለሳሳ ብቻ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ ሁለት ሰዎችን እናስብ። ምሳሌ ናቸው፣ ግን ብዙዎቻችሁ ራሳችሁን ታዩባቸዋላችሁ።

አንደኛው ባለ ሚኒባስ ናቸው። ባለ 3 ኤል ናፍጣ ሞተር ሃያስ አላቸው። ልጃቸውን ያስተማሩት፣ እቁብ የሚጥሉት በዚሁ መኪና ነው። ሁለተኛዋ ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ የሚሸጡ እናት ናቸው፤ አሮጌ ኮሮላ አላቸው፣ ከሸማኔ ቤት ልብስ ይሰበስቡበታል፣ ወደ መርካቶም ያመላልሱበታል።

ሁለቱም መካኒክ ዘንድ ሄዱ እንበል። መካኒኩ ማስነሻውን አዞረ፣ ጆሮውን አቀና፣ ጭሱን አየ፣ ከዚያም «ጋሼ፣ ይህ ሞተር ሳይቆም ወርዶ መሠራት አለበት» አላቸው። ለእናታችንም «እትዬ፣ የፒስተኑን ፋሻ ካልቀየርን ይብስበታል» አላቸው።

ታዲያ ምን ይበሉ? እሺ ይበሉ? ወይስ «ልጄ፣ እየሄደ ያለን ነገር አትንካ» ብለው ይመለሱ?

እኔ ብሆን ከመልሱ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ዛሬ ብዙ ጊዜ ስለምደግመው በቃላችሁ ያዙት፤ ይህ ዕቃ ቢበላሽ ምን ይዞ ይሄዳል?

ስንት ዓመት ሠራ? ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ? እነዚህ ጥያቄዎች ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። መጀመሪያ ግን ቢበላሽ ምን ይዞ ይሄዳል?

(ቆም ማለት)

ምሳሌ ልስጣችሁ። ካንዴላ ቢበላሽ ምን ይዞ ይሄዳል? ብዙም ነገር አይዞም። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ትቀይሩታላችሁ፣ አለቀ። እስኪበላሽ ብትጠብቁት ያን ያህል አያከስርም። ታይሚንግ ቤልቱስ? እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር።

ታይሚንግ ቤልት ማለት ፒስተኑና ቫልቮቹ ተራቸውን ጠብቀው እንዲሠሩ የሚያስተሳስር የጎማ ቺንጋ ነው። በአሮጌዎቹ ሃያሶች ላይ ባሉት በ2 ኤል፣ በ3 ኤልና በ5 ኤል ሞተሮች ይህ ቺንጋ ቢበጠስ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታዋል። ናፍጣ ሞተር ውስጥ በፒስተኑና በቴስታታው መካከል ያለው ቦታ በጣም ጠባብ ስለሆነ መሸሻ የለም። ቫልቭ ይጣመማል፣ አንዳንዴ ፒስተንም ይሰበራል። አንድ የጎማ ቺንጋ ሞተሩን ይዞት ሄደ ማለት ነው።

ለዚህ ነው ቶዮታ በብዙዎቹ የናፍጣ መኪኖቹ ዳሽቦርድ ላይ የቤልት መብራት ያስቀመጠው። በተለመደው አሠራር 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ይበራል። ስንቶቻችሁ ናችሁ ያ መብራት በርቶ አምፖሉን ያስነቀላችሁ? (ሳቅ) አልጠይቅም፣ አታፍሩ። ግን ዛሬ ማታ ቤልቱ መቼ እንደተቀየረ አስታውሱ። ካላስታወሳችሁ፣ መኪናውን የሸጠላችሁ ሰውም ካልነገራችሁ፣ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት።

አሁን ወደ እናታችን ኮሮላ እንምጣ። መኪናዋ እንደ ብዙዎቹ የ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኮሮላዎች 4 ኤ ኤፍ ኢ የሚባለውን ባለ 1600 ሲሲ ሞተር የያዘች ናት እንበል። እሷም ታይሚንግ ቤልት አላት። ቢበጠስስ? በዚህ ሞተር ላይ ፒስተንና ቫልቭ አይጋጩም። መኪናዋ መንገድ ላይ ትቆማለች፣ ትጎተታለች፣ አዲስ ቤልት ይገባላታል፣ ትነሳለች። መጉላላት ነው፣ ኪሳራው ግን ያን ያህል አይደለም።

አያችሁ ልዩነቱን? ዕቃው አንድ ዓይነት ነው፣ ሁለቱም ታይሚንግ ቤልት ነው። ለሚኒባሱ ግን ቀድሞ መቀየር ግዴታ ነው፤ ለኮሮላዋ መልካም ነገር ነው፣ ግን ገንዘብ ካጠረ ተራ ሊጠብቅ ይችላል። ቪትዝ ያላችሁ ደግሞ የእናንተ ሞተር በጎማ ፋንታ የብረት ሰንሰለት ነው ያለው። ሰንሰለቱን በኪሎ ሜትር ቆጥራችሁ አትቀይሩትም። የሚገድለው የቆሸሸ ዘይት ነው። ዘይታችሁን በሰዓቱ ቀይሩ፣ እሱን እርሱት።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንሂድ፤ ለአዲስ አበባ ሰው፣ በተለይ ለሽሮ ሜዳ ሰው፣ ዋናው ይህ ነው። ሙቀት።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? ትምህርት ቤት የተማርነው በ100 ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ክፍት ድስት ብትጥዱ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላ እዚህ ለመብሰል የሚቆየው ለዚህ ነው። የሞተሩ ውኃስ? የአብዛኛው ሞተር ውኃ በመደበኛ ሥራ ላይ 85፣ 90 ዲግሪ ይደርሳል። እንግዲህ አስቡት፤ ራዲያተሩ እንደ ክፍት ድስት ቢሆን ዳገቱን ሳይጨርስ ይፈላ ነበር።

የማይፈላው ለምንድን ነው? በክዳኑ ምክንያት ነው። ራዲያተሩ ላይ ያለችው ያቺ ትንሽ የብረት ክዳን ውስጧ ስፕሪንግና ላስቲክ አላት። ውኃውን አፍና ግፊት ትፈጥራለች። ላይዋ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ታዩታላችሁ። በ0.9ኛው ክዳን ሽሮ ሜዳ ላይ ውኃው የሚፈላው ከ110 ዲግሪ በላይ ነው። ላስቲኩ ከደረቀ፣ ስፕሪንጉ ከላላ ግን ወደ 92 ተመለሳችሁ።

ክዳኗ ከሞተሩ ዋጋ አንጻር ምንም ማለት አይደለችም። ቢበላሽ ግን ምን ይዞ ይሄዳል? ውኃው ይፈላል፣ ይጎድላል፣ ቴስታታው ይግላል፣ ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። የእነዚህ የሃያስ ናፍጣ ሞተሮች ቴስታታ ደግሞ በሙቀት የመሰንጠቅ ስም አለው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ወደ ረቲፊካ ነው፤ ቴስታታው የሚስተካከል ከሆነ። ካልሆነ ደግሞ ሌላ ፍለጋ ሶማሌ ተራ።

ስለዚህ በአሮጌ መኪና ላይ ቀድሞ ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ ከዚህ ጀምሩ። ክዳን፣ ላስቲክ ማኒኮቶዎቹ፣ የውኃ ፓምፑ፣ የቬንትሌተሩ ቺንጋ፣ ራዲያተሩን ማሳጠብ። ማኒኮቶውን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በእጃችሁ ጨመቅ አድርጉት። ደርቆ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ወይም እንደ ሊጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ጊዜው አልፏል። ከጎማው ጋር ማሰሪያዋንም ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ውኃ የሚንጠባጠበው ከዝገቷ ሥር ነው።

«ቴርሞስታቱን አውልቅልኝ» የምትሉም አላችሁ። ይህ ነገር በአዲስ አበባ ጋራዦች ልማድ ሆኗል፤ ሞተሩ ሲግል መጀመሪያ የሚጣለው ቴርሞስታት ነው። በግልጽ ልናገርና፣ መጥፎ ልማድ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ለመሞቅ ብዙ ይቆያል። በቀዝቃዛው የጉለሌ ጠዋት ያ ማለት ዘይቱ እንደጠጠረ፣ ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል መሥራት ነው። ሲሊንደሩን ይበላዋል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ጭራሽ ውኃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ይዞርና ሙቀቱ ይብሳል። ቴርሞስታቱ ከሞተ አዲስ ይግባ። ቦታው ባዶ አይቅር።

ውኃውስ? የቧንቧ ውኃ ብቻ የምትሞሉ፣ ውስጡ እየዛገ ነው። ከኩላንት ጋር ቀላቅሉት። ራዲያተር ስትከፍቱ ቡናማ ውኃ ካያችሁ ዝገቱ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው።

(የምልክት ድምፅ፤ ቆም ማለት)

እስካሁን ያልነውን አንዴ እንመልከተው። ቀድመን የምናሠራው ሲበላሽ ሌላ ውድ ነገር ይዞ የሚሄደውን ነው። ታይሚንግ ቤልት፣ በተለይ በናፍጣ ሞተር። የማቀዝቀዣው ዕቃ ሁሉ። ሦስተኛ ልጨምር፤ ብሮንዚና።

ብሮንዚና ክራንክሻፍቱን አቅፎ የሚይዘው ስስ ብረት ነው። ሲያልቅ ምልክት ይሰጣል። ሞተሩ ሞቆ፣ መኪናው ቆሞ፣ በሚኒሞ ሲሠራ የዘይቱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ነዳጅ ስትሰጡት ይጠፋል። መጀመሪያ የመብራቱ ሴንሰር ትክክል መሆኑን፣ የዘይቱን መጠን አረጋግጡ፤ በግፊት መለኪያ አስለኩት። ግፊቱ በእርግጥ ካነሰ ግን ነገ ዛሬ አትበሉ። ብሮንዚናውን ብቻ ቀይሮ መዳን የሚቻልበት ጊዜ አጭር ነው። ካለፈ ክራንክሻፍቱ ይጫራል፣ ወደ ረቲፊካ ይሄዳል፣ ከባሰም ፒስተን የያዘው ዘንግ ብሎኩን ሰብሮ ይወጣል። ያን ጊዜ ሞተር ስለመጠገን መነጋገር ቀርቶ ሞተር ስለመግዛት ይሆናል።

ሞተር መግዛት ደግሞ ዕቃውን ገዝቶ መግጠም ብቻ አይደለም። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬያችሁ ላይ አለ። ሞተር ከቀየራችሁ ማስረጃ ይዛችሁ ማስመዝገብ አለባችሁ፤ ካለዚያ ለዓመታዊ ምርመራ ስትሄዱ፣ ወይም መኪናውን ልትሸጡ ስትሉ ችግሩ ይጠብቃችኋል።

(ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ እንመለስ። መካኒኩ «ሞተሩ ይውረድ» ብሏል። ፋሻ፣ ፒስተን፣ ሙሉ ሥራ። ታዲያ ሞተር ሳይሞት ቀድሞ ማውረድ ያዋጣል?

እኔ አስቸጋሪ አድማጭ ሆኜ መካኒኩን እጠይቀዋለሁ፤ «ወንድሜ፣ ለካኸው?»

በጆሮ ብቻ፣ በጭስ ብቻ ሞተር አይወርድም። ኮምፕሬሽን ይለካ። ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፣ መለኪያው ይገባል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ቁጥሩ ይነበባል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ናፍጣ ከሆነ መለኪያው ሌላ ነው፣ ቁጥሩም እጅግ ይበልጣል፤ አሠራሩ ግን ተመሳሳይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ አደራ ስሙኝ። የሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር በባሕር ጠለል ልክ ነው። የእናታችን የኮሮላ ሞተር አዲስ ሲሆን 190 ፒኤስአይ ገደማ መስጠት አለበት፣ ከ140 ገደማ በታች ከወረደ ያረጀ ነው ይላል መጽሐፉ። ሽሮ ሜዳ ላይ ግን አየሩ ሩብ ያህል ስስ ነው። ጤነኛ ሞተር እዚህ ሊያነብ የሚችለው 140 ገደማ ነው! መጽሐፉን ብቻ የያዘ መካኒክ ጤነኛውን ሞተር «አልቋል» ብሎ ሊያወርደው ይችላል። እናታችን ደግሞ ለነጠላ መግዣ የያዙትን ገንዘብ ላልታመመ ሞተር ይከፍላሉ።

ታዲያ በምን ይወሰን? በእርስ በርሳቸው። አራቱ ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ቁጥር ካላቸው፣ ለምሳሌ 136፣ 138፣ 134፣ 137 ካሉ፣ ሞተሩ ደህና ነው፤ ሂዱበት። 136፣ 138፣ 90፣ 137 ካሉ ሦስተኛው ታሟል። ያን ጊዜ በታመመው ሲሊንደር ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ይጨመርና እንደገና ይለካ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው የሚያፈስሰው። ካልተለወጠ ችግሩ ከላይ ነው፤ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን። ያ ማለት ደግሞ ቴስታታው ብቻ ይነሳል እንጂ ሞተሩ አይወርድም። ሁለቱ ሥራዎች በዋጋም በቀንም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

(ቆም ማለት)

ቤት ውስጥ መለኪያ የሌላችሁ ደግሞ መንገዱን ተጠቀሙበት። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ለቤንዚን ሞተር ጥሩ መመርመሪያ ነው። በማርሽ፣ ነዳጅ ሳትነኩ ውረዱ። ታች ደርሳችሁ ስትረግጡ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለና ከጠፋ የቫልቮቹ ላስቲክ ነው፤ ሞተር ማውረድ አያስፈልገውም። ሰማያዊው ጭስ ዳገት ስትወጡ፣ ሞተሩ ሸክም ሲይዝ ከሆነ ግን ወደ ፋሻው ያመላክታል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና ጭሱ በኃይል የሚተፋ ከሆነ ያንኑ ያረጋግጥላችኋል።

ጥቁር ጭስስ? እሱ ሌላ ነገር ነው። ጥቁር ማለት ነዳጅ በዝቷል፣ አየር አንሷል ማለት ነው። በዚህ ከፍታ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ፓምፕ ወይም ካርቦራተር ነዳጁን ያበዛል። ፊልትሮው ቆሽሾ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። በጥቁር ጭስ ምክንያት ሞተር ያወረደ ሰው ካለ መጀመሪያ ፊልትሮውን ማየት ነበረበት።

መንገዱን ካነሳን አይቀር፣ በፎሌ የምትወርዱ ሰዎች! ነዳጅ የቆጠባችሁ ይመስላችኋል። መኪናችሁ ኢንጀክሽን ከሆነ በማርሽ ስትወርዱ ሞተሩ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል፤ በፎሌ ስትወርዱ ግን ለሚኒሞው ነዳጅ ይጠጣል። ፍሬናችሁም ይግላል። ያን ቁልቁለት በፎሌ መውረድ ለሞተርም ለነፍስም አይበጅም።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ተለካ። እውነትም ፋሻው አልቋል እንበል፣ ሞተሩ ዘይት ይበላል። አሁንስ ይውረድ?

የእናታችንን ኮሮላ እናስላ። በ1500 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ዘይት ይበላል። እሳቸው በወር 1000 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ። በዓመት 12 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ስለዚህ 8 ሊትር ዘይት ይጨምራሉ። የ8 ሊትር ዘይት ዋጋ ዛሬ ስንት ነው? የሙሉ ሞተር ሥራስ? ሁለቱን አነጻጽሩ። ዘይት እየጨመሩ ብዙ ዓመት መንዳት ይችላሉ። ሳያቋርጡ በየሳምንቱ ዘይቱን ካዩ ማለቴ ነው። ዘይት የሚበላ ሞተር የሚሞተው ዘይት ስለበላ አይደለም፤ የሚሞተው ባለቤቱ መጨመሩን ስለረሳ ነው።

የሚኒባሱ ስሌት ሌላ ነው። እሱ በወር ከሷ ብዙ እጥፍ ይሄዳል። ዘይቱ ብዙ ነው፣ ነዳጁ ይጨምራል፣ ጭሱ በዓመታዊ ምርመራ ላይ ቦሎ ያስከለክላል። የቆመ ቀን ሁሉ ገቢ የሌለበት ቀን ነው፤ ሹፌሩም ረዳቱም አብረው ይቆማሉ። ለእሱ፣ በልኬት ተረጋግጦ ፋሻው ካለቀ፣ ቀድሞ ማውረድ ሊያዋጣ ይችላል። ምክንያቱ ደግሞ የሚቆምበትን ቀን ባለቤቱ ራሳቸው መምረጣቸው ነው።

ይህን ነገር ብዙ ሰው አያሰላውም። መኪና በራሱ ጊዜ ሲቆም መቼ ነው የሚቆመው? ሲደክም፣ ሲጫን፣ ሥራ ሲበዛ። የሽሮ ሜዳ ገበያ መቼ እንደሚደምቅ ታውቃላችሁ፤ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ፣ ጥምቀት ሲቃረብ፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ ሠርግ ሲበዛ። የልብስ ነጋዴዋ እናታችን መኪናቸው በጥር ቢቆም ምን ያጣሉ? በዐቢይ ጾም መጀመሪያ፣ ሠርግ ሲቆም፣ ገበያው ቀዝ ሲል ቢያሠሩት ግን ሦስት ቀን ጋራዥ ቢያድር አይጎዳቸውም። መካኒኩም አይቸኩልም፤ ዕቃውንም ተዘዋውረው፣ ኦርጅናሉን ከፎርጅዱ ለይተው ይገዛሉ። ሲቆም ለማሠራት የሮጠ ሰው ግን ያገኘውን ገዝቶ ይመለሳል።

(ቆም ማለት)

አንድ ክርክር ይነሳል። «መኪናው አርጅቷል፣ በዚህ ሁሉ ገንዘብ ሌላ አልገዛም?» ትላላችሁ። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችሁም እንዲህ ይመክራሉ፤ የጥገናው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ከበለጠ ይጣል ይላሉ። እነሱ ባሉበት አገር ትክክል ነው። እኛ ጋ ግን ሒሳቡ ይለያል።

ለምን? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 1186፣ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት በጣም ውድ አደረገው፤ ያረጀው ላይ ታክሱ ይከብዳል። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወደደ። ስለዚህ አሮጌዋ ኮሮላ ዋጋዋ አልወደቀም። የሚተካት መኪና ደግሞ ውድ ነው። በሌላ አገር የማያዋጣ ጥገና እዚህ ሊያዋጣ ይችላል።

ግን ተጠንቀቁ፤ ይህ በሌላ በኩልም ይሠራል። መለዋወጫው ራሱ ስለተወደደ ያላስፈለገ ሥራ ከበፊቱ በባሰ ይጎዳል። ያልታመመን ሞተር ፈትቶ መግጠም ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። ቁሳቁሱ ፎርጅድ ሊሆን ይችላል፣ ቡለኑ በልኩ ላይጠብቅ ይችላል፣ አቧራ ሊገባ ይችላል። 20 ዓመት አብሮ የለመደ ብረት ሲፈታ ሁልጊዜ እንደነበረ አይመለስም። ለዚህ ነው እኔ በበኩሌ ያለ ልኬት «ለጥንቃቄ» ተብሎ የሚወርድ ሞተርን የማልደግፈው።

እንግዲያው ጋሼን ምን እንበላቸው? ታይሚንግ ቤልቱን ዛሬውኑ። ማቀዝቀዣውን በሙሉ። ኮምፕሬሽንና የዘይት ግፊቱን ያስለኩ። ልኬቱ መጥፎ ከሆነ ከአሁኑ እቁቡን አስልተው፣ ቀን መርጠው ያውርዱት። ደህና ከሆነ አይንኩት።

እትዬንስ? የራዲያተሩን ክዳንና ማኒኮቶዎቹን። ዘይቱን በየሳምንቱ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ መኪናዋ በሜዳ ላይ ቆማ። ዳገት ላይ የቆመች መኪና ዘይት ትዋሻለች፤ ሽሮ ሜዳ ደግሞ ሜዳ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። (ሳቅ) ፋሻው በልኬት አልቆ ቢገኝ እንኳ ለጊዜው ዘይት እየጨመሩ ይንዱ።

(መለያ ሙዚቃ በቀስታ ይገባል)

ጋራዥ ስትሄዱ ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው «ቁጥሩን ጻፍልኝ» በሉ፤ የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን በወረቀት ያዙ፣ በሚቀጥለው ዓመት ታወዳድሩታላችሁ። ሁለተኛው «የወጣውን ዕቃ ስጠኝ» በሉ። ብሮንዚናውን በጣታችሁ ዳስሱት፤ ተጭሮ መዳብ መሳይ ቀለም ካወጣ በጊዜው ደርሳችኋል። እንደ አዲስ ለስላሳና ግራጫ ከሆነ ደግሞ መካኒኩን ለምን እንደቀየረው ጠይቁት።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ፍሪሲዮንና ስለ ፍሬን እንነጋገራለን፤ ጥያቄ ያላችሁ የመኪናችሁን ዓይነት፣ የሞተሩን ስምና ያያችሁትን ምልክት ጽፋችሁ ላኩልን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ!

(መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይዘጋል)